ቀንሺ አልከኝ?

«ሹራብና ዶቃ ደግሞ ምን ሥራ ነው? የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ እኮ ነው!» አልክ አሉ። አሉ ልበል እንጂ ድምፅህን ማዶ ሰፈር ድረስ ሰምተውታል። በል እንግዲህ ቁም። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ብቻ መቀመጫ ያጣ ሰው ጥቅል ክሬ ላይ እንዳይቀመጥ።

የትርፍ ጊዜ? ልክ ነህ። ትርፉ የእኔ፣ ጊዜው ያንተ። እኔ አንድ እጅጌ ጀምሬ እስክጨርስ ያንን ግድግዳ ተደግፈህ ስታየኝ ዋልክ። ግድግዳው እንኳ ደሞዝ ቢጠይቅ ይገባዋል። ሥራ ፈት ነው ብዬ እንዳላማህ፣ ነገር ስትፈትል ትውላለህ። ያ ሁሉ ፈትል ቢሰበሰብ ለሰፈሩ በሙሉ ጋቢ ይዳረስ ነበር። ተንኮልም ይጎነጉናል ሲሉኝ ግን አላመንኩም። ለመጎንጎን ሦስት ዘለላ አንድ ላይ መያዝ ይጠይቃል፤ አንተ ሁለት ሐሳብ ሲገናኝብህ ያዞርሃል።

«ቀንሺ» አልክ። መቀነስማ እንቀንሳለን! ብብት ጋ ስንደርስ እንቀንሳለን። አንገት ጋ ስንደርስ እንቀንሳለን። ዋጋ ጋ ስንደርስ ግን ቀጥ ብለን ነው የምንሄደው። ካልክ ካልክ፣ ያንተን ያለ እጅጌ ልሥራልህና እሱን ልቀንስ፤ እጅህ ከኪስህ ሌላ አገር አይቶ አያውቅም። ኪስህ ገብቶም ብር ይዞ ወጥቶ አያውቅም። ምን ሲያደርግ እንደሚውል እንጃ።

«ክር ነው እኮ!» አንተም እኮ ውሃና አጥንት ነህ፤ እናትህ በኪሎ አልሸጡህም። አንድ የአዋቂ ሹራብ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቀለበቶች አሉ። እያንዳንዷ በሌላዋ ውስጥ በመርፌ ተስባ የወጣች ናት። አንዷ ካመለጠች እስከ ታች ትተረተራለች። ቆጠራው ከተዛባ ተርትሮ እንደገና ነው። ወርቅ ቤት ስትገባ ግን የግራሙን ዋጋ ሰምተህ፣ «የእጅ ዋጋ ደግሞ ይሄን ያህል» ሲሉህ ጨዋ ልጅ ሆነህ ራስህን ትነቀንቃለህ። እዚያ ሚዛን ስላለ አፍህም ይመዘናል መሰለኝ። እኔ ጋ ስትደርስ የእጅ ዋጋ የሚባል ነገር እጅ እጅ ይልሃል። (ዋጋ ሲጠየቁ «በኢንቦክስ» የሚሉትን ሻጮች እኔም አልወዳቸውም። እሱን አስመዝግብ፣ አንድ ነጥብ ላንተ። ዛሬ ሌላ አታገኝም።)

«የቻይናው በግማሽ ዋጋ አለ፤ ማሽን ይሠራዋል።» ወይ ትኩስ ወሬ! እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ ካልሲ የሚሠራ ማሽን የፈለሰፈው በ1589 እ.ኤ.አ. ነው። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ላብህን እየጠረግህ ሮጠህ ነገርከኝ፤ ትንፋሽህን ሰብስብ። ሹራብስ እሺ። ኪሮሽ ግን ሌላ ነው። እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ እየሠራ ገበያውን የሚያጥለቀልቅ የፋብሪካ ማሽን እስከ ዛሬ የለም። ያቺ «ከቻይና በርካሽ አመጣሁ» ያልካት የኪሮሽ ቦርሳ የአንድ ሰው ጣት ሥራ ናት። ቦርሳው አይደለም የረከሰልህ፣ የሆነች ሴት ውሎ ነው። እሺ እሺ፣ አትኮሳተሩ፤ ተረብ ላይ ነን።

«ዳንቴል ደግሞ ጊዜው አልፏል» አለ፣ ስሙልኝ! ማን ቤት ያደግክ መሰለህ? ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ሬዲዮኑ ዳንቴል፣ ሶፋው ዳንቴል፣ የአበባ ማስቀመጫው ሥር ዳንቴል። እቤታችሁ ውስጥ ሳይለብስ የሚሮጠው አንተ ብቻ ነበርክ።

«ለማንኛውም የሴት ሥራ ነው።» ሂድና ለሸማኔው ንገረው። ሴቷ ትፈትላለች፣ መወርወሪያውን የሚወረውረው ወንዱ ነው። ብር አንጥረኛውም ወንድ ነው። በደርግ ጊዜ ወህኒ የወረዱ ስንት የተማሩ ወንዶች እዚያው ሹራብ ሲሠሩ እንደነበር ያሳለፉት ይነግሩሃል። እነሱ ታስረው ሠሩ፣ አንተ ተፈትተህ ካልሲ መጣፍ አቃተህ። አውራ ጣትህ ካልሲውን ቀድዶ ወጥቷል። ሥራ ፍለጋ ይሆናላ! ከአካልህ ሁሉ ሥራ የሚፈልግ እሱ ብቻ ነው።

ደግሞ ባለእጅን መናቅ ያንተ ፈጠራ እንዳይመስልህ። ቆየት ያለ በሽታ ነው። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ እንዲተው አፄ ምኒልክ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ነጋሪት ተጎሰመ፣ አገር ሰማ። አንተ ጋ ብቻ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ኔትወርክ ይሆናል።

«እሺ ሹራቡስ ይሁን፣ ዶቃ ሰክቶ ብር መጠየቅ ምን ይሉታል?» እንጦጦ ውጣና ጠይቅ። እንጨት ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች ከቀለጠ የጥይት ቀለህ በተሠራ ዶቃ ሀብል ይሠራሉ። ከጠመንጃ የወደቀው አንገት ላይ ይውላል። ካንተ አፍ በየቀኑ የሚወድቀውን ቀለህ ብንለቅመው ኖሮ ይሄኔ ኤክስፖርት ጀምረን ነበር። ወደ ኦሞ ደግሞ ውረድ፣ ዳሰነች ጋ የጠርሙስ ቆርኪ የራስ ጌጥ ይሆናል። በቆርኪማ ማን ይደርስብሃል! ብቻ እነሱን ራሳቸውን ያስጌጣቸዋል፣ አንተን በማግሥቱ ራስህን ያምሃል።

ማርትሬዛንስ ታውቃታለህ? ከ1780 ወዲህ በየትኛውም ዓመት ትመታ፣ 1780 እንደተጻፈባት የቀረች፣ 28 ግራም ገደማ የምትመዝን ብር። እንዳንተ ናት፣ ዕድሜዋ አይጨምርም፤ ልዩነቱ እሷ ዋጋ አላት። አንጥረኞቻችን እያቀለጡ መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ ሠሩባት። ያኔ ብር ሲቀልጥ ጌጥ ይወጣው ነበር፤ ያንተ ብር ሲቀልጥ ድራፍት ነው። ድሪ ሳሳይህ ድሪቶ ታያለህ፣ ዕንቁ ስልህ ዕንቁላል ያምርሃል። የልጅቷ እግር ላይ አልቦ፣ ያንተ ኪስ ውስጥ አልቦ።

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ሰዎቹም ይስሙ። «በነጻ ስጪኝ፣ አስተዋውቅልሻለሁ?» ይሄስ እውነት ነው፤ አንተ የገባህበት ሱቅ ሰው ያጣል ብዬ አልሰጋም። አበዳሪዎችህ ብቻ ተከትለውህ ቢመጡ ሰልፍ አስይዛለሁ። አንዱም ሳይገዛ አይወጣም፤ እስክትከፍላቸው ድረስ ብርድ እንዳይመታቸው ሹራብ ያስፈልጋቸዋል።

ቆይ ቆይ፣ ወዴት ነው? ሲያፍር ደግሞ ያምርበታል። ና ተመለስ። ለእጮኛህ ቀለበት ፈልገህ ነው ለካ ስትዞረኝ የዋልከው! ታዲያ ይሄን ሁሉ ነገር ከመፍተል አንዲት ዐረፍተ ነገር አትበቃም ነበር? እዩልኝ እንግዲህ፤ እኔ አንድ ሹራብ ላይ ሺህ በሺህ ቀለበት አስሬ አስረክቤያለሁ። እሱ አንዲቷን ለማሰር ስንት ክረምት «እያሰብኩበት ነው» ሲል ከረመ። ልጅቷ ታጋሽ ናት። እኔ ብሆን ገና በመጀመሪያው ክረምት ተርትሬህ ነበር።

በል ቀብድ አስይዝ። በብር ይሁን? ሁለቱንም ትርጉሙን እቀበላለሁ። ሥራው ሳምንት ይፈጃል፣ ዋጋው ያው ነው፣ ኪስህን መዳበስ አይቀንሰውም። የጣቷን ልክ ነገ ይዘህልኝ ና። ያንተን ልክ ዛሬ ነግሬሃለሁ።