ለሙታኑ ጨው እንዳታቀምሷቸው

የዞምቢ ፊልም ተራ ማስፈራሪያ ነው የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትፍረዱበት፤ አልገባውም። ለገባን ሰዎች ዞምቢ ማለት «ዘመናዊው ኅብረተሰብ» ነው። ይህን ፊልሙ ሳይጀመር እናውቃለን፤ ሲያልቅም ያንኑ እንደግመዋለን። ደግነቱ፣ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ «ያ አፉን ከፍቶ እግሩን የሚጎትተው እኔ ነኝ» ያለ ተመልካች እስከ ዛሬ አላየሁም። ዞምቢው ምንጊዜም ጎረቤት ነው።

የሄይቲው ዞምቢ ግን ሰው አይበላም፤ ይሠራል። አስማተኛው ከመቃብር ቀስቅሶ እርሻ ላይ ያሰማራዋል፤ ደመወዝ አይጠይቅ፣ አያጉረመርም፣ ሁለተኛ አይሞትም። በሸንኮራ አገዳ ማሳ ላይ በባርነት ያለቁ ሰዎች ልጆች የፈሩት ይህንኑ ነበር፦ ሞትም ባያሳርፍስ? አሜሪካ ሄይቲን በያዘችበት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1934) ወሬው ተሻገረ፤ ሆሊውድም በ1932 «ዋይት ዞምቢ»ን አወጣ። በፊልሙ ውስጥ ሙታኑ የስኳር ወፍጮ ይገፋሉ። አንዱ ተንገዳግዶ መፍጫው ውስጥ ይወድቃል። የቀሩት ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፤ ወፍጮው መሽከርከሩን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ የሥራ ዲሲፕሊን የት ይገኛል? ሆሊውድ ዓይቶ ወደደው፣ ቀጠረውም፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላሰናበተውም።

የፊልም ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 ባወጣው ፊልም ሙታኑን ሥጋ በላ አደረጋቸው። ሙታኑ የከበቡትን ሌሊት በሕይወት ያለፈውን ጥቁሩን ጀግና ሲነጋ ታዳጊ ተብለው የመጡት ነጮች በጥይት ይደፉታል። ይህ በእውነት ያማል፤ አላሾፍበትም። አከፋፋዩ ግን የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር የባለቤትነት ማስታወቂያውን ሳያስገባው ቀረ፤ ፊልሙም የማንም ሆኖ ያገኘው ሁሉ አባዝቶ ቸበቸበው። ሥጋ በላዎቹን የፈጠረው ሰው ራሱ ተበላ ማለት ነው።

በ1978 ደግሞ ሙታኑን ፒትስበርግ አጠገብ ወደሚገኘው የሞንሮቪል የገበያ ማዕከል አስገባቸው። ቀረጻው ሌሊት ሱቆቹ ሲዘጉ ይጀመራል፤ ሲነጋ ሙታኑ ይወጣሉ፣ ሸማቹ ይገባል። ደረጃው ያው፣ መስታወቱ ያው፤ ፈረቃው ብቻ ይቀየራል። ማዕከሉም ተሰደብኩ ብሎ አልከሰሰም፤ እንዲያውም ሮሜሮ ከሞተ በኋላ የነሐስ ሐውልት ተቀመጠለት። ሸማቹን ለሰደበ ሰው ከሱቆቹ መሃል ቦታ መስጠት ትልቅነት ነው። ስድቡ ደንበኛ ያመጣላ!

«ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተባለው ተከታታይም ከ2010 እስከ 2022 በ11 ምዕራፍ 177 ክፍል ሄደ። ሥልጣኔ ፈርሶ ገንዘብ ወረቀት የሆነበትን ዓለም በተመስጦ እያየን ሳለ በመሃል ማስታወቂያ ይገባል። ገንዘብ ገና ወረቀት አልሆነምና አትደንግጡ የሚለን ይመስለኛል።

ታዲያ የሄይቲ ሰዎች የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ዞምቢ ጨው ከቀመሰ አለቀ፤ መሞቱ ትዝ ይለዋል፣ ሥራውን ጥሎ ወደ መቃብሩ ይሄዳል። አሠሪው ምግቡን አልጫ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ባለፈው እሑድ የኮሪያውን «ትሬይን ቱ ቡሳን» ለሦስተኛ ጊዜ ሳይ አንድ ሳህን ፈንዲሻ ይዤ ነበር፤ ያውም ምላስ የሚያቃጥል ጨው ያለበት። ጨረስኩት። ጠበቅሁ። ከዚያ ጣቴን ልሼ የሚቀጥለውን ፊልም ከፈትኩ።