ከመምህሩ በኋላ የገባ

የማታው ክፍል 11፡30 ላይ ይጀምራል። ይህን የሚለው ኮርስ አውትላይኑ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

አውትላይኑ አራት ገጽ ነው። ሁለቱ ስለ ትምህርቱ፣ ሁለቱ ስለ ጠባያችን ይናገራሉ። መምህራችን ማስተርሱን በቅርቡ የጨረሰ፣ ሸሚዙ ከጠዋት እስከ ማታ የማይጨማደድ፣ በዕድሜ የመጀመሪያ ልጄን የሚያክል ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን ቆሞ ደንቡን አነበበልን። ክፍል ውስጥ ስልክ መነካካት ክልክል ነው። መብላት ክልክል ነው። ከክፍለ ጊዜው 85 በመቶውን ያልተከታተለ ፋይናል አይቀመጥም። አሳይንመንት ከተገለበጠ የገለበጠውም ያስገለበጠውም ዜሮ ያገኛሉ። ከመምህሩ በኋላ የገባ ተማሪ እንደ ቀረ ይቆጠራል። ይህን ብሎ ቀና አለና ወደ እኔ እያየ፣ «ጋሼ፣ ድምፄ ይሰማዎታል?» አለኝ።

ይህ ሁሉ የተነበበላቸው ሰዎች እነማን ናቸው? አጠገቤ የተቀመጠችው የባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት። ሒሳቧ ካልገጠመ ከመስኮቷ አትነሣም። ከኋላዬ ያለችው ነርስ ደግሞ ተረኛዋ ካልመጣች በሽተኛ ጥላ አትወጣም። ጥግ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አለ። እሱም ያረፍዳል። «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው» ሲል ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየዋል።

ደንቡ የተጻፈው ዶርም አድሮ፣ ካፌ በልቶ፣ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ለሚመጣ የ18 ዓመት ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። ለማታ ተማሪ ሲደርስ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። እንዲህ ስል ደንብ የምጠላ እንዳይመስላችሁ። የአገራችን የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ፕሬዚዳንቱ ካናዳዊው የጀስዊት ቄስ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ፤ በጀስዊቶች ቤት ደግሞ ሥርዓት የትምህርቱ ግማሽ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና የሚባል ነገርም መጥቷል። ከመቶ 50 ያላመጣ አያልፍም፤ ሽበት ታይቶም አንድ ነጥብ አይጨመርም። ስለዚህ መምህሩ ቢያጠብቅብን አልፈርድበትም።

የስልኩ ደንብ ግን ገና በሁለተኛው ሳምንት ችግር ገጠመው። ስልክ ክልክል ነው፤ ሃንድአውቱ የሚላከው ደግሞ በቴሌግራም ነው። ላፕቶፕ ያለን ሰዎች ጥቂት ነን፤ ያለንም ቤት ውስጥ ልጆች ይዘውብናል። «ገጽ 12 ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ተመልከቱ» ሲል ሁላችንም እጃችንን በጠረጴዛ ሥር ሰደን የተከለከለውን ዕቃ በስርቆት እንመለከታለን፤ መምህሩም ፊቱን ወደ ሰሌዳው ያዞርልናል። የግሩፕ ሥራው ደንብ ደግሞ «ሁሉም አባል እኩል ይሳተፋል» ይላል። በእኛ ግሩፕ ውስጥ አምስት ነን። ነርሷ ትሠራለች፤ አራታችን ስማችን በትክክል መጻፉን እናረጋግጣለን።

መብላትን የሚከለክለውን ደንብ የሻረው ማንም ሳይሆን የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ሰዓቱ 12፡40 አካባቢ ሲሆን ከፊት ወንበር የፌስታል ኮሽታ ተሰማ። ተምር ነበር። ተምሩ ወደ ኋላ ሲተላለፍ ከኋላ ደግሞ ቆሎ ወደ ፊት መጣ፤ ቆሎና ተምር የተገናኙት መምህሩ ፊት ነው። ልጁ አውትላይኑን አየ፣ እኛን አየ፣ ሁለት ፍሬ ተምር አነሣ። ሲያኝክ ጀርባውን ሰጠን፤ ጨዋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አንድ ማክሰኞ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ዞር ስል መምህሩ ከኋላዬ ቆሟል። አንድ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ሒሳቤን ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት ረዳቱ፣ «አባት፣ ተከፍሏል» አለኝ። ለታክሲ የከፈለልኝን ሰው ቀሪ ቢለኝ እንዴት ብዬ ልከራከረው ነው? ከታክሲ ወርደን በፍጥነት ስንራመድ 11፡50 ሆነ፤ በሩ ላይ ደረስን።

«ጋሼ፣ ይግቡ።»

«ኧረ አንተ ግባ።»

«እንዴት ተደርጎ! እርስዎ እያሉ?»

«መምህር አይደለህ እንዴ? በሞቴ ግባ!»

ነገሩን ልብ በሉልኝ። መምህር አባት ነው በሚለው ሥርዓት እሱ አባቴ ነው፤ በዕድሜ ከሆነ እኔ አባቱ ነኝ። ያደግኩበት ወግ «አስቀድመው» ይለኛል፤ አውትላይኑ ደግሞ ካስቀደምኩት ከመምህሩ በኋላ የገባሁ ነኝና ቀሪ ይለኛል። እሱም ከእኔ ቀድሞ ቢገባ ነውር፣ ባይገባ ትምህርት የለም። እንዲህ እየተባባልን ሳለን ገንዘብ ከፋይዋ እያለከለከች መጣች፤ ነርሷ ተከተለቻት፤ ከዚያ ሌሎችም። በሩ በሁለት አባቶች ተዘግቷል፤ ኮሪደሩ ሞላ።

በዚህ መሐል ትራፊክ ፖሊሱ ደረሰ፤ የደንብ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። አንድም ቃል አልጠየቀም። መዳፉን በመምህሩ ደረት ትይዩ ዘርግቶ አስቆመው፤ በሌላው እጁ እኔን አሳለፈ፤ ከዚያ ሴቶቹን፤ ከዚያ የቀረውን ሰልፍ። ኮሪደሩ ሲጠራ ራሱ ገባና ከውስጥ ሆኖ መምህሩን በእጁ ጠራው። በዚያ ምሽት ከመምህሩ በኋላ የገባ አንድም ተማሪ አልነበረም። አቴንዳንሱ ሙሉ ሆነ፤ ደንቡም አልተጣሰ።

ደንቡ ዛሬም አውትላይኑ ላይ እንዳለ ነው። መምህሩ ግን ከዚያ ወዲህ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል፤ ኮሪደሩ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ካየም ማርከሩን ፍለጋ ቦርሳውን መበርበር ይጀምራል።

ለማታ ተማሪ አውትላይን የምታዘጋጁ መምህራን ሆይ፣ ሌላውን ደንብ እንደ ፈለጋችሁ አጥብቁት፤ 11፡30 የሚለውን ብቻ 12፡00 አድርጉልን። ስለ ቆሎው አትቸገሩ፣ እኛው እንደብቀዋለን።