ጭን የማይወድ ላፕቶፕ

ማክሰኝት ውስጥ ዩዝድ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ ራም ከመጠየቁ በፊት «ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል?» ይላል። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲሄድ መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። ጣና ከእኛ ሩቅ አይደለም። ውሃው በዋሻ ወደ በለስ ተጠልፎ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ በ10 ዋት እጨቃጨቃለሁ።

የምጨቃጨቀው ከላፕቶፔ ጋር ነው። ዩዝድ ቲንክፓድ ነው፣ ኡቡንቱ ተጭኖበታል፣ ሦስት አመል አለው፦ ፐርፎርማንስ፣ ባላንስድ እና ፓወር ሴቨር። ኤፍኤንን ከኤች፣ ከኤም ወይም ከኤል ጋር ስትጫኑ አመሉ ይቀየራል። ሊኑክስ ላይ ይህ ነገር ድሮ እንደየፋብሪካው የተበታተነ ነበር፤ ለሁሉም አንድ የጋራ በር የተከፈተው በከርነል 5.12፣ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነው። በር ተከፈተ ማለት ግን ከውስጥ ሰው አለ ማለት አይደለም። ድራይቨሩ ትእዛዙን ተቀብሎ ለፈርምዌሩ ያቀብላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወስነው ፈርምዌሩ ነው። ስክሪኑ ላይ «ፐርፎርማንስ» የሚል ሲወጣ የምናየው እሺታውን እንጂ ሥራውን አይደለም። እሺታ እንኳ በአገራችን ሞልቷል።

ስለዚህ ልፈትነው ተነሣሁ። አጋዤ ጎረቤቴ የፎቶ ቤቱ ልጅ ነው፤ የሰርግ ቪዲዮ በፍላሽ ይዞ መጣ። ለፕሮሰሰር የሰርግ ቪዲዮን የሚያህል ፈተና የለም። ሙሽራዋ ከቤት እስክትወጣ ብቻ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ነው፤ ሬንደር ሲጀመር ኮሮቹ አንድ ሳይቀሩ ይጠራሉ። ልጁ ጋቢውን አጣፍቶ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አመቻቸ። ቻርጀሩን ነቀልን። በአንዱ መስኮት የፕሮሰሰሩን ፍጥነት በጊጋኸርዝ፣ በሌላው ባትሪው የሚያወጣውን ዋት ከፈትን።

«ጋሼ፣ በፐርፎርማንስ እንጀምር» አለኝ። ጀመርን። ፍጥነቱ ሽቅብ ተወርውሮ ወዲያው አንገቱን ደፋ። ባላንስድ አደረግነው፤ ያው ነው። መልሰን ፐርፎርማንስ፤ አሁንም ያው።

«ድራይቨሩ ሞቷል» ብሎ ፈረደ። ፎቶ ቤት ውስጥ ምክንያቱ ያልታወቀ ጥፋት ሁሉ የሚላከከው በድራይቨር ነው፤ ቅጣቱም ፎርማት ነው። እጁ ወደ ቦርሳው፣ ወደ ሌላኛው ፍላሽ ሲሄድ አየሁት።

አከራዬ ቡና እየቆሉ ሲታዘቡን ቆይተዋል። «አንተ ልጅ፣ ያን የጋለ ነገር ከጭንህ አታወርደውም? ነገ መውለድ አትፈልግም?» አሉት።

ልጁ አፍሮ «እሺ እትዬ» አለና ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጥቂት ቆይቶ ፋኑ አጓራ፤ ጊጋኸርዙም ወጣ፣ ዋቱም ወጣ።

ተአምር አይደለም። እንዲህ ባሉ ቲንክፓዶች ውስጥ እንቅስቃሴ የሚያነብ ሴንሰር አለ፤ ላፕቶፑ ጭን ላይ መሆኑን ሲጠረጥር የሰው ገላ እንዳይቃጠል ጉልበቱን ይቀንሳል። ሊኑክስም ይህን አይደብቅም፦ ፐርፎርማንስ ተመርጧል፣ ነገር ግን ጭን ላይ ስለሆነ ዝቅ ብሏል ብሎ ይጽፋል። የሚጽፈው ግን ማንም በማይከፍተው ቦታ ነው። አከራዬ ሳይከፍቱት ደረሱበት።

ጠረጴዛው ላይ ሦስቱም አመሎች ተለያዩ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ደብዳቤ ስጽፍ ዋቱ በሦስቱም እምብዛም አይለያይም፤ ፕሮሰሰር በአንድ ፊደልና በሚቀጥለው መካከል እንቅልፉን ይለጥጣላ! ለደብዳቤ ጸሐፊ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግ ይበልጥ ያዋጣል። ሒሳቡ የሚጣመመው ሬንደር ላይ ነው። በ25 ዋት አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ 25 ዋት ሰዓት ይበላል እንበል። ያንኑ ሥራ ቆጥበን በ12 ዋት ስንሠራው ሁለት ሰዓት ተኩል ከፈጀ 30 ይሆናል፤ ስክሪኑም ሌላውም ዕቃ አብሮ ሲያመሽ የበላው ነው። ቆጣቢው ከአባካኙ በለጠ! ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም፤ ፍጥነት ሲወርድ ቮልቴጅም ይወርዳል፣ የፕሮሰሰሩ ፍጆታ ደግሞ የቮልቴጁን ካሬ ተከትሎ ይቀንሳል። ለዚህ ነው እኔ ብዙውን ጊዜ ባላንስድ ላይ የምተወው። ይህን ሁሉ ለአከራዬ ሳስረዳ እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ «ሁለተኛው ሊቀዳ ነው፣ አቦሉ ቀዘቀዘብህ» አሉኝ።

ጎንደር ወጥታችሁ ዩዝድ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ ሻጩን «ፐርፎርማንስ ሞድ አለው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ አለው ይላችኋል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ከባድ ሥራ ስጡትና በሦስቱም አመሉ ዋቱን አንብቡ። ዋቱ በሦስቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።