ጠባቂያችን ሁለት ታክሲ ይሳፈራል

ሰሚ ካለ ልናገር። እኔ የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ፤ ዕጣው የወጣልኝ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። አሁን ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከጉልበቴ ጋር እየተጣላሁ እኖራለሁ። ቤት አገኘሁ፣ ተመስገን ነው። ሰፈር ግን ገና አላገኘሁም።

በ1996 የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ አዲስ አበባን ወደ ዳር ዳር ገፋት። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ትናንት ገበሬ የሚያርስባቸው ነበሩ፤ ዛሬ ብሎክ ቁጥሩ ካልተነገረህ የራስህን ቤት አታገኘውም። ሕዝቡ ሲበዛ በ2013 ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ተቋቋመ። ደግ ተደረገ! ክፍለ ከተማ ስብሰባ ተቀምጦ ይወለዳል። ፖሊስ ግን ተመልምሎ፣ ሠልጥኖ፣ በጀት ተይዞለት ነው የሚመጣው። እስከዚያ ሥጋ ቤቱ፣ ግሮሰሪውና ፑል ቤቱ ማንም ሳይጠራቸው ከች ብለዋል። ሌባውማ ሁሉንም ቀድሞ ነው የገባው፤ እኛ ቁልፍ ሳንረከብ እሱ የበሩን ቁልፍ ነቅሎ ወስዷል።

የአንዱን ቀን ጉድ ላውራችሁ። በጠራራ ፀሐይ አይሱዙ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ሦስት ጎረምሶች ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ፍራሽ ተሸክመው ወረዱ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዕቃ ቢጫን ማን ዞር ብሎ ያያል? ኪራይ የተጨመረበት ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው፤ የሻይም ተቀበለ። ደረጃው ላይ ያገኘቻቸው ጎረቤታችንም "አይዟችሁ ልጆቼ፣ ቀስ በሉ" ብላ ጥግ ያዘችላቸው። አላበቃችም፤ "አዲሱ ቤት የበረከት ይሁንላችሁ" ብላ መረቀቻቸው። ባለቤቱ ማታ ከሥራ ሲመለስ የተረፈለት የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነበር። እሱም የማይሠራ።

ፖሊሱ በማግስቱ መጣ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብዬ ልተርትበት ስል መልኩን አየሁና አሳዘነኝ። ጫማው አቧራ ጠግቧል፤ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጧል። "አባቴ፣ ይህን ሁሉ ብሎክ በእግሬ የምዞረው እኔው ነኝ" አለኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ እሱ ይጠራል። በመኪና ማቆሚያ ሰው ሲናነቅም እሱው። የበዓል በግ ደረጃ ላይ ታረደ ተብሎም ይከሰሳል፣ ሰሚው እሱ ነው። ሌባ የሚጠብቀው ታዲያ መቼ ነው? "ለመሆኑ የት ነው የምትኖረው?" ብለው፣ "እዚህ ኪራዩን አልቻልኩትም፤ በሁለት ታክሲ ነው የምመጣው" አይለኝ መሰላችሁ!

እስቲ ፍረዱኝ። ሌባው ከኛው ጋር ያድራል፤ ጠባቂያችን ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ደግሞ እንደ ምንም ብሎ ማን የየትኛው ብሎክ እንደሆነ ሲለይ፣ የትኛው ወጣት ሥራ ፈትቶ እንደከረመ ሲያውቅ፣ ይዛወራል። አዲሱ ይመጣና "መታወቂያ!" ይላል። ማንን? እኔን!

ድሮ አፈርሳታ የሚባል ነበር። ሌብነት ሲፈጸም አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የሚያውቅ ሰው በስውር ይጠቁማል፤ እሱንም "ወፍ" ይሉታል። ይመለስ አልልም፤ እርሻ ያስፈታል፣ ቂመኛም ንጹሑን ይጠቁምበታል። ግን ተሰብሳቢው እርስ በርሱ ይተዋወቅ ነበር። የኛ ወፍ ቴሌግራም ነው። ፍሪጁ ከሄደ በኋላ አንዱ የብሎኩ ግሩፕ ላይ "እኔስ ተጠራጥሬ ነበር" ብሎ ጻፈ። ሌላው ሁሉ የሚያለቅስ ምስል ላከ።

መፍትሔማ ሞልቷል። በሞተር የሚፈጸመው ቅሚያ ሲበዛ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት መንዳት ተከለከለ፤ ቀማኛው ሙያውን በእግሩ ቀጠለ። ኮሚቴያችን ገንዘብ አሰባስቦ ካሜራ አስተከለ። ካሜራው መብራት ሲኖር ይሠራል፤ ሌባው መብራት ሲጠፋ ይሠራል። የሰላም ሠራዊት ሆነው ሌሊት ሌሊት የሚዞሩትን ልጆች ዕድሜ ይስጣቸው እላለሁ። ቀን ግን እነሱም ሥራ ላይ ናቸው፤ አይሱዙው የሚመጣው ቀን ነው።

በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ከብሎኮቹ መሃል በግ እንዲታረድበት፣ እንጀራ እንዲጋገርበትና ልብስ እንዲታጠብበት የተሠራ ኮሙናል አለን። የኛው ተቆልፎ የተሰበረ ወንበርና አሮጌ በርሜል ማስቀመጫ ሆኗል። "አንዷን ክፍል ለፖሊሱ እንስጠው፤ እዚሁ ይደር፣ እዚሁ ቡና ይጠጣ፣ ከነልጆቻችን ይወቀን። አለቆቹንም አታንሱብን ብለን በፊርማ እንለምን" አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ "ኪራይ ስንት ይከፍላል?" አለ።

"የተጫነው ፍሪጅ የስንት ወር ኪራይ ይሆናል?" አልኩት። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና አጀንዳውን ወደሚቀጥለው ስብሰባ አዛወረው። እንደ ፖሊሱ።