የእማዬ ቅቤ ላቦራቶሪ ገባ

ኬሞ የጀመረ ሰው ባለበት ቤት ማንም ጮክ ብሎ የማይጠይቀው፣ ግን ሁሉም ሆዱ ውስጥ ይዞት የሚዞር ጥያቄ አለ፦ «እየሠራ ይሆን?» የፀጉር መርገፉም ማስመለሱም መልስ አይሆኑም። መድኃኒቱ ሰውየውን እንደነካው እንጂ ዕጢውን እንደነካው አያሳዩም። ሐኪሙም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠብቅና ሲቲ ስካን አዝዞ በሚሊሜትር ይለካል። የዕጢዎቹ ልክ ተደምሮ ቢያንስ በ30 በመቶ ካልቀነሰ «ዕጢው በከፊል ምላሽ ሰጠ» አይባልም። ሁለት ወር ደግሞ ለማይሠራ መድኃኒት ብዙ ነው።

እኔ ጀርመን አገር የምሠራበት ላቦራቶሪ መልሱን ቀደም ብሎ የሚሰጥ ምልክት ይፈልጋል። ምልክቱ ስብ ነው። ይህንን ለእማዬ ያስረዳኋት ለፋሲካ ልትጠይቀኝ መጥታ ሽንኩርት ስታቁላላ ነው።

«ካንሰር የሆነው ሴል ኬሞ ሲመታው ውስጡ ስብ ይጠራቀማል» አልኳት።

«ሊሞት ሲል ይወፍራል?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ጉድ እኮ ነው!» አለችና ዓይኗ ፀጉሬ ላይ አረፈ። «አንቺ ግን ይሄ ፀጉርሽ እንደ ገለባ ደርቆ የለም እንዴ!»

የቤት ማሞቂያ ሥራ ነው ብላት አልሰማችኝም። ከሻንጣዋ ላስቲክ በላስቲክ ላይ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጣች። ጉምሩክን እንዴት አድርጎ እንዳለፈ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

የስቡ ነገር እንዲህ ነው። ሴል ወደ ሞት ሲያዘግም ማይቶኮንድሪያው ስብ ማቃጠሉን ይቀንሳል፤ ያልተቃጠለው ስብ ትራይግሊሰራይድ እየሆነ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይከማቻል። ጠብታዎቹን በአረንጓዴ ማቅለሚያ ነው የምናያቸው። ቀይ አንጠቀምም፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ዶክሶሩቢሲን ራሱ ቀይ ነው፣ ብርሃን ሲያርፍበትም ቀይ ያበራል። የታማሚውን ሽንት አቅልቶ ቤተሰብ የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። የሴሉ ሽፋንም ይለወጣል፦ ወትሮ በውስጥ በኩል ተደብቆ የሚኖረው ፎስፋቲዲልሰሪን የተባለ ስብ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ማክሮፋጆች የሚባሉት የሰውነት ዘብ ሴሎች ያንን አይተው መጥተው ሴሉን ይውጡታል። ሥራዬን የምወደው ለዚህች ነገር ስል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የጠብታው ስብ ፈሳሽ ስለሆነ ኤንኤምአር በሚባለው ትልቅ ማግኔት ይታያል፤ በመለኪያው 1.3 ላይ ጉብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ፍራንሲስ ብላንከንበርግና ባልደረቦቹ በላቦራቶሪ በሚያድጉ የሉኪሚያ ሴሎች ላይ ይህ ጉብታ ሴሎቹ ሲሞቱ እንደሚያድግ አሳይተዋል።

እንግዲህ በማግስቱ ቅቤዬን እንደተቀባሁ፣ ሻሼን አስሬ ሥራ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ሴልም መድኃኒትም ያልነካው፣ ለማነጻጸሪያ የተዘጋጀ ባዶ ናሙና ማግኔቱ ውስጥ ገባና 1.3 ላይ ትልቅ ጉብታ ይዞ ወጣ። ፕሮፌሰሩ ሊያዩ መጡ። አየሩን ሳብ አደረጉና «ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ወደ ራሴ ዞረ።

ጥርጣሬያቸውን አልቀየምም፤ ባዕድ ስብ በዚህ ሥራ ቀንደኛ ጠላት ነው። ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጡትን ውሰዱ፦ በዕጢው ዙሪያ ያለው ስብ ጉብታውን ይውጠዋል፤ ስለዚህ እዚያ ተመራማሪዎች 3.2 ላይ ያለውን ኮሊን ማየት ይመርጣሉ፣ ሕክምናው ሲሠራ እሱ ይቀንሳልና። ጤነኛ አንጎል 1.3 ላይ ይህ ነው የሚባል ስብ ስለማያሳይ ይሻላል። ሆኖም ላክቴትም እዚያው ቦታ ላይ ይደረባል። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው የአንጎል ዕጢ ደግሞ ደም አልደርስ ብሎት መሃሉ ሲሞት፣ መድኃኒት ሳይነካውም ስብ ያሳያል። ስቡ ሞትን ይናገራል እንጂ ገዳዩን አይናገርም። ይባስ ብሎ በአንጀት ካንሰር ላይ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሴሎችም ጠብታ ሲያከማቹ ታይቷል። ስለዚህ አንዴ ብቻ ተለክቶ የመጣ ቁጥር ቢያሳዩኝ አላምንም፤ ያው ሰው ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም ይለካ እላለሁ።

ወደ ክሱ ልመለስ። ፕሮፌሰሩ ፀጉሬን ሲመለከቱ እኔ የጉብታዎቹን ሰልፍ እመለከት ነበር። ቅቤ ውስጥ ኦሌይክ አሲድ አለ፤ ቅቤ ቢሆን ኖሮ 5.3 አካባቢም ብቅ ይል ነበር። እዚያ ቦታ ጭው ያለ ሜዳ ነው። በአንጻሩ ከ7.5 እስከ 7.7 ባለው ቦታ ሁለት ጉብታዎች ቆመዋል፤ ቅቤ እዚያ ምንም ጉዳይ የለውም። እዚያ የሚገኙት ላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመሩት ፋታሌቶች ናቸው፤ 1.3 ላይ ያለውም ጉብታ የእነሱው ነው። ስብ የምናወጣበት ክሎሮፎርም ያገኘውን ሁሉ አሟሙቶ የሚያወጣ ነውና ስብ የሚለካ ሰው በብርጭቆ ይሠራል። ሰሞኑን የተገዛው የናሙና ቱቦ ግን ላስቲክ ነበር፤ ርካሽ ነው ተብሎ። ያዘዙት ማን እንደሆኑ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ እናውቃለን፤ ማንም አልተናገረም።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። «ቅቤሽ ነፃ ወጣ።»

«ድሮስ! ለመሆኑ ይቅርታ ጠየቁሽ?»

«አልጠየቁኝም። በሩ ላይ ግን ‹ያለ ፀጉር ቆብ መግባት ክልክል ነው› የሚል ወረቀት ለጥፈዋል።»

«እሰይ! እንግዲያው ዛሬ ደህና አድርጌ ነው የምቀባሽ፤ ቆቡ ይሸፍነዋል።»