ለዕጣኔም ፈቃድ ይሰጠኝ

ለሼልቢ ካውንቲ ጤና መምሪያ
ሜምፊስ፣ ቴነሲ

ጉዳዩ፦ በቡና ሰዓት ለሚጨስ ዕጣን ፈቃድ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ! (ሰላምታው ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ለከተማችሁ የቦክስታውን ሰፈር ሰዎችማ ጤናውን ከማን እንደምንለምንላቸው እንጃ።)

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና አፈላለሁ። በቀደም ፍሙ ላይ ሁለት ፍሬ ዕጣን ጣል ባደርግ የኮርኒሱ ማንቂያ ጩኸቱን አቀለጠው። ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ ሳራግብ፣ አቦሉ ሳይቀዳ የሕንፃው ኃላፊ በሩን አንኳኳ፤ በማግሥቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አልከፋኝም። ሕግ ነው።

የከፋኝ ሌላ ነው። የኢሎን መስክ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ኤክስ ኤ አይ በድሮው የኤሌክትሮሉክስ ፋብሪካ ውስጥ ኮሎሰስ የተባለውን ኮምፒውተሩን ሲተክል፣ የከተማው መብራት አልደርስ ቢለው የጋዝ ተርባይኖች አምጥቶ ደረደረ። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደይ ወራት ከአየር በተነሣ ፎቶ ሲቆጠሩ 35 ሆኑ፤ አቅማቸው 421 ሜጋዋት ገደማ። ፈቃድ? አንድም። «ጊዜያዊ ናቸው፤ እስከ 364 ቀን ፈቃድ አያሻቸውም» ተባልን። አንድ ቀን የጎደላት ዓመት!

ታዲያ የእኔስ ረከቦት ጊዜያዊ አይደለም? ሦስተኛው ሲጠጣ ይነሣል። ተንቀሳቃሽም ነው፤ በአንድ እጄ አነሣዋለሁ።

በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ግን ፈቃዱን ሰጣችሁ፦ ለ15 ተርባይኖች፣ 247 ሜጋዋት። እኛ አገር «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይባላል። እናንተ ሠርገኛው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እጁን ከታጠበ በኋላ ነው የመጥሪያ ወረቀት የላካችሁለት። አስከሬን ለማቆየት የሚያገለግለው ፎርማልዴሃይድ በዓመት እስከ 9.8 ቶን ድረስ ተፈቅዶለታል። 10 ቢሞላ የፌዴራሉ ሕግ «ዋና በካይ» ብሎ ጠበቅ ያደርገው ነበር። እንዲህ ያለ ሚዛን የሰፈሬ ሥጋ ቤት ቢኖረው ምን ነበረበት!

የተርባይኖቹን ጎረቤት ቦክስታውንን መቼም ታውቁታላችሁ። ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ከባቡር ፉርጎ በተራረፈ ጣውላ ቤት የቀለሱበት ሰፈር ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ነዳጅ ማጣሪያው ቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተዘጋውን የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ጭስም ለዓመታት ሲምግ ኖሯል። ከተርባይን የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሜምፊስ ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን እንዲፈጠር ያደርጋል፤ ኦዞን ደግሞ አስም ያለበትን ልጅ ሌሊት አስቀምጦ ያሳድራል። የአሜሪካ የሳንባ ማኅበር ለካውንቲያችሁ በኦዞን «ኤፍ» ሰጥቶታል። በወደቀበት ትምህርት የቤት ሥራ የምትጨምሩለት ተማሪ ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የኩባንያውን ቻትቦት ግሮክን «ልጁ ለምን ያስላል?» ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። ለመልሱም ጋዝ ይነዳላ።

ስለዚህ ፈቃዱ እንዲሻር፣ ተርባይኖቹም እንዲጠፉ እጠይቃለሁ። ይህ ከመመሪያችሁ ጋር የማይሄድ ከሆነ፣ በዚያው መመሪያ ለሁለት ፍሬ ዕጣን የ364 ቀን ፈቃድ ይጻፍልኝ። የፎርማልዴሃይድ ኮታዬን ለሰፈሩ ልጆች ስል ትቻለሁ፤ አይለቀቅባቸው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሕንፃዬ ኃላፊ (ማስጠንቀቂያው ለጊዜው እንዲታገድልኝ)