የጭላዳዎቹ አለቃና ነብሩ

ከዕለታት አንድ ቀን በሰሜን ተራሮች፣ ጅብራ በሚበቅልበት አምባ ላይ የሚኖሩ ጭላዳዎች ነበሩ። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው፣ ፀሐይ ውርጩን ስታቀልጥ ሣር ሊግጡ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። አለቃቸው ጉልበተኛ ነበር። ነገር ካልጣመው ደረቱ ፍም ይመስላል፤ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ መንጋው ሁሉ ጸጥ ይላል። እሱም ጸጥታውን እንደ ክብር ይቆጥረው ነበር።

አንድ ማለዳ ነብር መጥቶ ሕፃን ነጥቆ ሄደ።

«ያየ አልነበረም?» ብሎ አለቃው ደነፋ። ማንም አልመለሰለትም። ኋላ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብላ፣ «ያየማ ነበር፤ ደፍሮ የሚነግርህ ነው የጠፋው፣ ልጄ። ባለፈው ያቺ ልጅ ጥላ አይታ ብትጮኽ ‹በከንቱ አስበረገግሽን› ብለህ ነከስካት። ዛሬ ነብሩን ስታይ ጥርስህ ትዝ አላት» አለችው።

አለቃው አንገቱን ደፋ። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማማ?»

«ደረትህ ሲግል ለራስህ ይታወቅሃል። ያኔ ከመናገርህ በፊት ሣር ነጭተህ አኝክ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ካንዱ ጎን ተቀመጥ፤ ጠጉሩን እየፈተሽክ ‹እንዴት አደርክ?› በለው፤ መልሱን ሳትሰማ አትነሣ።»

አለቃው ልጇ ከተወሰደባት እናት ጀመረ፤ ቃል ሳይናገር አብሯት ተቀምጦ ዋለ። አንዳንድ ቀን ሣሩን ረስቶ ይጮኻል። ሲበርድለት ግን የጮኸበት ዘንድ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በማግስቱም እንደገና ይሞክራል።

አንድ ቀን ያቺ ልጅ «መጣ!» ብላ ጮኸች። መንጋው ወደ ገደሉ ተሯሯጠ። የመጣው ግን አይጥ ፍለጋ በመካከላቸው የሚመላለሰው ቀይ ቀበሮ ነበር። የሁሉም ዓይን አለቃው ላይ ዐረፈ። ደረቱ ጋለ። ሣር ነጨ፤ አኘከ፤ ደግሞም አኘከ። ከዚያ «ደግ አደረግሽ፤ ነገም ከተጠራጠርሽ ጩኺ» አላት።

ብዙም ሳይቆይ ነብሩ ተመለሰ። ልጅቷ ሳታመነታ ጮኸች። ነብሩ ሜዳው ላይ ሲደርስ አንድም ጭላዳ አላገኘም።

መሥሪያ ቤት የምትመሩ፣ ክፍል የምታስተምሩ፣ ቤት የምታስተዳድሩ ሁሉ ልብ በሉ፤ የሚፈራ አለቃ ክፉ ወሬ የሚሰማው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ቁጣን መግዛትና የሰውን ስሜት መረዳት በየዕለቱ የሚለመድ ሥራ ነው። ዛሬ የማትወዱትን ነገር ደፍሮ የሚነግራችሁን ሰው አመስግኑት።